አጋፋሪው ወዴት ሄደ?
ከግብር አዳራሽ እስከ ሆቴል ሂሳብ

በአማርኛችን «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍች ተሸክሞ ይኖራል። አንደኛው ገበሬው ከማሳው፣ ነጋዴው ከንግዱ፣ ባላገሩ ከማሩና ከሰንጋው ቆርሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ጌታ ለሹማምንቱና ለሠራዊቱ አዳራሽ አሰናድቶ የሚያበላው ድግስ ነው። «ግብር አስገባ» ስንል የመጀመሪያውን፣ «ግብር አበላ» ስንል ሁለተኛውን ማለታችን ነው። ሁለቱ ፍችዎች በአንድ ቃል የተቆራኙት ያለ ነገር አይደለም። በአንዱ በር ማርና ሰንጋ ሆኖ የገባው በሌላው በር ጠጅና ብርንዶ ሆኖ ይቀርብ ስለነበረ ነው። ሆኖም ያስገባውና የበላው አንድ ሰው አልነበረም። ያስገባው ከደጅ ይመለሳል፤ የበላው ከውስጥ ይቀመጣል።

ዛሬ የምናወጋው ስለ ምግብ ቤት መስተንግዶ ነው። አንባቢ «ስለ አስተናጋጅ ችላ ባይነት ለማውራት ከቤተ መንግሥት መነሣት ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። ያመጣው ይህ ነው። ሰዎች ሰብሰብ ብለው እራት ሊበሉ ወጥተው ቅር ብሏቸው ሲመለሱ የምንሰማው ማብራሪያ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም፤ የሐበሻ እንግዳ ተቀባይነት ድሮ ቀረ» ይባላል። ይህ ጸሐፊ ግን ነገሩ የጠባይ መበላሸት አይመስለውም። በድግሱ ቤት የነበረ አንድ ሹመት፣ ድግሱ በገንዘብ ሲሆን ሳይተካ በመቅረቱ የመጣ ችግር ይመስለዋል። ያንን ለማስረዳት ከአዳራሹ መጀመር ግድ ይላል።

ሥርዓት ያለው ማዕድ

በቤተ መንግሥታችን ማዕድ እንደ ጦር ሰልፍ ሥርዓት ነበረው። «ሥርዓተ ግብር» ተብሎ የሚታወቀው ጥንታዊ ጽሑፍ ከንጉሡ ማዕድ ለማን ምን እንደሚሰጥ ይዘረዝራል። ከታረደው ሰንጋ እያንዳንዱ ብልት ባለቤት ነበረው፤ ሻኛው ለእገሌ፣ ፍሪምባው ለእገሌ ተብሎ የተወሰነ ነው። የድርሻ መሳሳት የወጥ ቤት ስሕተት ብቻ ተደርጎ አይታይም። የማዕረግ መንካት ነው።

ይህን ሥርዓት የሚያስፈጽሙ ሹማምንትም ነበሩ። አዛዡ የግቢውን ስንቅና ድግስ በበላይነት ይመራል። ሊጋባው የሥርዓቱ ተቆጣጣሪ ነው። እልፍኝ አስከልካዩ ወደ ጌታው እልፍኝ የሚገባውንና የሚወጣውን ይጠብቃል። አጋፋሪው ከበር ቆሞ ይቀበላል፤ ማን እንደመጣ፣ የት መቀመጥ እንዳለበት፣ ከማን በፊትና ከማን በኋላ እንደሚገባ ያውቃል። አሳላፊው ጠጁን ያቀርባል። የእንጀራው፣ የወጡ፣ የጠጁ ክፍል እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ ነበረው። ዛሬ ምግብ የሚያበስለውን ሰው «ወጥ ቤት» እያልን የምንጠራው ከዚያ ከክፍሉ ስም ተርፎን ነው። «ምግብ አሳላፊ» የምንለውም እንዲሁ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባው ግቢ የነበረውን ግብር ያዩ የውጭ አገር እንግዶች ብዙ ጽፈውለታል። ንጉሠ ነገሥቱ ከታላላቆቹ ጋር በመጋረጃ ተከልለው አስቀድመው ይበላሉ። ከዚያ መጋረጃው ይገለጣል፤ ቀጣዩ ማዕረግ ይገባል፤ እርሱ ሲነሣ ሌላው ይተካል። በአንድ ቀን ብዙ ሺህ ሰው ተራ በተራ ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ይወጣል። ልብ በሉ፤ ምግቡ ሁሉ በሰው ትከሻና በሰው ራስ በሚጓጓዝበት ዘመን ነው።

አዳራሹ የፍትሕ ቤት ነበር ማለታችን ግን አይደለም። ተመጋቢው መብት አልነበረውም፤ የነበረው ማዕረግ ነው። ከበታች የተቀመጠው ከበላይ የተረፈውን ይበላል። ቅር ያለው ሰው የነበረው መውጫ አንድም ዝምታ ነው፤ አንድም አዝማሪው በሰምና ወርቅ እንዲያስነካለት መመኘት ነው፤ አንድም መሸፈት ነው።

መሸፈት ስንል ማጋነን የመሰለው አንባቢ የካሣ ኃይሉን ታሪክ ያስታውስ። ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ በጦርነት ቆስለው ሳለ፣ ሐኪሙ ለማዳኛው የሰባ ከብት ጠየቃቸው ይባላል። ካሣ ወደ ባለቤታቸው አያት ወደ እቴጌ መነን ሲልኩ የመጣላቸው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ሆነ። ባለቤታቸው ተዋበች ይህን ንቀት አይተው «እንዲህ ተደፍረህ አትቀመጥ» የሚል ምክር እንደሰጧቸው የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። ካሣ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ እስኪጭኑ ያደረሷቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ትውልድ ሲቀባበለው የኖረው ግን ያ የሥጋ ነገር ነው። ሕዝቡ ይህን ታሪክ ያልረሳው ለምን ይመስላችኋል? ጎዶሎ ድርሻ መላክ «ሰው አይደለህም» እንደማለት መሆኑን እያንዳንዱ ሰው በገዛ ቤቱ ስለሚያውቀው ነው።

ተቃራኒውም አለ። በ1920 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ራስ ተፈሪ ግብር ጋበዟቸው። ባልቻ ከተመረጡ አጃቢዎቻቸው ጋር ገብተው በክብር ተስተናገዱ። ያ መስተንግዶ አንድም አልጎደለበትም። ግብሩ ሲያልቅ ወደ ሰፈራቸው ቢመለሱ ግን ከኋላ የተዉት ጦር በገንዘብ ተባብሎ ተበትኖ አገኙት። በአዳራሹ ዘመን ማዕዱ ቢሞላም ቢጎድልም የሚያገለግለው የጋባዡን ዓላማ ነበር ማለት ነው። የተመጋቢው መርካት መንገዱ እንጂ መድረሻው አልነበረም።

ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው። ስሕተት ቢፈጠር ጥፋተኛው ይታወቃል። ጠጁ ቢቀጥን የጠጅ ቤቱ ኃላፊ፣ አቀማመጡ ቢዛባ አጋፋሪው፣ በጠቅላላው ድግሱ ቢጎድል አዛዡ ይጠየቃል። ዕቃ የተሸከመችው ገረድ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብላ በእንግዶች ፊት አትቆምም ነበር። ጥፋት ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

የአንዲት ሴት ሁለት ገበታ

መስከረም 1880 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ታላቅ ድግስ ደገሱ። ጀምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ተመራማሪ ያንን ድግስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ የምግብ ሥርዓት መልክ የያዘበት አጋጣሚ አድርገው ጽፈውበታል። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ቅመም፣ ማርና ከብት በአንዲት ሴት አዛዥነት በአንድ ገበታ ተገናኘ።

ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ እኒያው እቴጌ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዓይነት ገበታ ዘረጉ። እቴጌ ሆቴል ይባላል፤ ዛሬ ጣይቱ ሆቴል የምንለው ነው። በባቡሩና በንግዱ ምክንያት ወደ ከተማይቱ የሚጎርፈው የውጭ ሰው ማረፊያ አጥቶ ነበር። ያገሬው ሰው ግን በገንዘብ መብላትን ነውር ያደርገው ስለነበር ወደ ሆቴሉ ዝር አላለም። በዚህ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ሂሳብ ከፍለው አርአያ ሆኑ እየተባለ ይተረካል።

ይህ ተረክ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። ውስጡ ያለው ለውጥ ግን ቀላል አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያች ቀን ጋባዥም ጌታም መሆናቸው ቀርቶ ከፋይ ሆኑ። በአዳራሹ ለያይተን ያየናቸው ሁለቱ የግብር ፍችዎችም በሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ። ያው ሰው ያስገባል፤ ያው ሰው ይበላል። ስሙም ተለወጠ። «እንግዳ» የነበረው «ደንበኛ» ተባለ። ደንበኛ ከደንብ የመጣ ቃል ነው፤ ደንብ ያለው፣ ደንብ የሚገባው ሰው ማለት ነው።

ገንዘቡ ከአዳራሹ ወደ ሆቴሉ በቀላሉ ተሻገረ። ምግቡም ተሻገረ፤ አሳላፊውም ወጥ ቤቱም ተሻገሩ። አጋፋሪው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

ከመሸታ ቤት እስከ ሂልተን

በርግጥ ወዲያው አልጠፋም። በከተሞቻችን የጠጅ ቤቱንና የምግብ ቤቱን ሥራ ያስፋፉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ባለቤቲቱ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ገቢውን በስሙ ትጠራለች፤ ማን ጾመኛ እንደሆነ፣ ማን ቃሪያ እንደሚያበዛ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ታውቃለች። ወጡ ቢጎረና ራሷ ቀምሳ ታነሣዋለች። ያች ሴት አዛዥም፣ ሊጋባም፣ አጋፋሪም ነበረች። የቤቱ ስፋት ዐይኗ ከሚደርስበት ስለማያልፍ ሥርዓቱ አልተፈታም።

በሌላ በኩል የፈረንጁ ሥርዓት ገባ። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቡፌ ደ ላ ጋርን ይዞልን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣልያን ወረራ ባሩንና ማኪያቶውን ትቶልን ሄደ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫቸውን አዲስ አበባ ሲያደርጉ ብዙ መቶ እንግዳ በአንድ ምሽት የሚያበላ ቤት አስፈለገ። ሂልተን በ1962 ዓ.ም. ግድም ተከፈተ። የሆቴልና ቱሪዝም ሥራ ማሠልጠኛም የዚያው ዘመን ልጅ ነው። በእነዚህ ታላላቅ ቤቶች የአዳራሹ አጋፋሪ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ጥቁር ኮት ለብሶ ከበር የሚቀበል፣ መዝገብ ገልጦ ስም የሚያነብ፣ ጠረጴዛ የሚያሲዝ፣ ቅሬታ ሲነሣ ቀድሞ የሚደርስ ኃላፊ ነበራቸው።

በ1967 ዓ.ም. ደርግ ታላላቅ ድርጅቶችንና ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ የግል ሆቴሎችም የመንግሥት ሆኑ። የምግብ ቤቱ ሠራተኛ የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ሥራ አስኪያጁ ተሿሚ ሆነ። ደንበኛው ቢመጣ ቢቀር ደመወዙ ያው ነው። ተሿሚው የሚጠየቀው ከላይ ለሾመው እንጂ ከታች ለተቀመጠው ተመጋቢ አልነበረም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠና የግል ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ሃያ ወንበር የነበረው መቶ ወንበር አደረገ፤ መቶ የነበረው ፎቅ ጨመረ፤ የባህል ምሽት፣ የልደት፣ የሽኝት፣ የምረቃ ግብዣ መቀበል ጀመረ።

የዛሬው ችግር እዚህ ላይ ነው። መካከለኛው ቤት ከባለቤቲቱ ዐይን በላይ ሰፍቷል፤ የሠለጠነ ኃላፊ ቀጥሮ ሥልጣን ለመስጠት ግን አልደረሰም። ባለቤቱ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቃል፤ ገንዘቡን። ሥራ አስኪያጅ የተባለው ዘመድ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ከወጥ ቤቱና ከጠረጴዛው መካከል የቆመ ሰው የለም።

አንድ የሽኝት እራት

ሁለትና ሦስት ሰው ሲሆን ይህ ጉድለት አይታይም። የሚታየው ብዙ ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲመጣ ነው። የምናውቀውን እንመስክር።

ጥቂት የቀድሞ ተማሪዎች ጡረታ የወጡ መምህራቸውን እራት ለመጋበዝ ተሰባሰብን። አሥራ ስምንት ነበርን። ስሙን በማንጠራው ምግብ ቤት ከሦስት ቀን በፊት ሄደን ቀብድ ከፈልን። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ግማሾቻችን ጾመኞች መሆናችንንም ነገርን። በቀኑ ስንደርስ ረዥሙ ጠረጴዛ ለሌላ ተሰጥቷል። ቀብዱን የተቀበለው ሰው የጻፈው በራሱ ስልክ ላይ እንጂ በቤቱ መዝገብ አልነበረም፤ እርሱም በዚያ ምሽት ተረኛ አይደለም። በሦስት ጠረጴዛ ተበታተንን። መምህሩ ከማያውቋቸው ሰዎች ጀርባ ተቀመጡ። የፍስኩ ምግብ ቀድሞ መጥቶ ሌሎቹ ሲበሉ፣ የጾሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። መምህሩ ከጾመኞቹ ነበሩ። በመጨረሻ የመጣውም ለሰባት ሰው ብቻ የሚበቃ ሆነ።

ኃላፊ እንዲጠራልን ጠየቅን። «ሥራ አስኪያጁ የሉም» ተባልን። ነበሩ። ገንዘብ መቀበያው ጋ ሆነው ያዩን ነበር። ይቅርታ የጠየቀችን አስተናጋጇ ልጅ ናት፤ ጠረጴዛውን ያልሰጠችው፣ ቀብዱን ያልተቀበለችው፣ ወጥ ቤቱን ማዘዝ የማትችለው ልጅ። ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መምህሩ ሁኔታችንን አይተው ሳህኑን ወደ ጎረቤታቸው ገፋ አደረጉና «እኔ ቤቴ በልቼ ነው የመጣሁት፤ ለጨዋታው ነው» አሉ። አልበሉም ነበር። ጋባዦቹን ከኀፍረት ሊያድኑ ነው። በአገራችን የግብዣ ውርደት የሚወድቀው በምግብ ቤቱ ላይ አይደለም፤ በጋባዡ ላይ ነው። «እገሌ ጠርቶኝ ራቤን ተመለስኩ» ይባላል እንጂ «እገሌ ምግብ ቤት አስራበኝ» አይባልም። ቤቱ የሸጠልን ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ለአንድ ምሽት የጋባዥነት ክብራችንን በአደራ ተቀብሎ ነበር።

ሂሳቡ ግን አልዘገየም። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። ከዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ግብር ማለት ነው። ይኸው እንግዲህ ግብር በመጀመሪያው ፍቹ ሙሉ ለሙሉ ተከፈለ። በሁለተኛው ፍቹ ግን አልተበላም።

ሕግ ምን አለ?

ሕጋችን ስለዚህ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሆቴል ባለቤትና ስለ እንግዳው ውል ደንግጓል፤ ዋና ጭንቀቱ እንግዳው ይዞት የገባው ዕቃ እንዳይጠፋ ነበር። ዕቃውን የጠበቀው ሕግ ክብሩን እስኪጠብቅ ሃምሳ ዓመት ፈጀ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685፣ በ2006 ዓ.ም. የተተካውም ቁጥር 813፣ ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው፣ ከስድብና ከዛቻ፣ ከማመናጨቅም እንዲጠበቅ ጽፈዋል። በአዳራሹ ማዕረግ ብቻ የነበረው ተመጋቢ መብት አገኘ ማለት ነው። ትልቅ እርምጃ ነው።

ግን በተበላሸ እራት ማን ክስ ይመሠርታል? መብቱ የሚሠራው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ «እኔ ኃላፊው ነኝ» ብሎ የሚቀርብ ሰው ሲኖር ነው። እርሱ ከሌለ የሚቀረው ይሉኝታ ነው። ቅሬታችንን ውጠን፣ ከፍለን እንወጣለን፤ ተመልሰንም አንሄድም። ቤቱም ደንበኛው ለምን እንደቀረ ሳያውቅ፣ ገበያ ቀዘቀዘ እያለ ያማርራል። የዛቻና የጩኸት ደንበኛም አለ፤ እርሱ የሚጮኸው ግን በደካማዋ ልጅ ላይ ነው። በአዳራሹ ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ጥፋት በምግብ ቤቱ ወደ ታች ይወርዳል። አነስተኛ ደመወዝ የምታገኘውና ጉርሻ ጠብቃ የምትኖረው ልጅ የባለቤቱንም የደንበኛውንም ቁጣ ትሸከማለች። ከዚያ ሥራዋን ትለቅቃለች፤ ሌላ አዲስ ትገባለች፤ አዲሷም ቤቱን ሳታውቅ የሠርግና የሽኝት ግብዣ ይጣልባታል። «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» የምንለው ይህን አይተን ነው።

እኛ ወደ አዳራሹ እንመለስ አንልም። ማንም በማዕረጉ ተለክቶ የሚጎርስበት ዘመን አይናፍቀንም። ከአዳራሹ የምንፈልገው ሹመት አንድ ብቻ ነው፤ ለዚያም አዲስ ሕንፃ፣ ውድ ወንበር፣ ያሸበረቀ መብራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀብድ የሚመዘገብበት አንድ መዝገብ ነው፤ የጾሙንና የፍስኩን ሰው ቆጥሮ አስቀድሞ ለወጥ ቤት የሚያስታውቅ፣ የመጀመሪያው ሳህን መውጣቱን ሳይሆን የመጨረሻው ሰው መብላቱን የሚያረጋግጥ አንድ ሰው ነው፤ ሲጎድል ከባለቤቱ ሳያስፈቅድ ከሂሳቡ መቀነስ የሚችልበት ጥቂት ሥልጣን ነው።

አንባቢም የራሱ ድርሻ አለው። ከእንግዲህ ሰው ሰብስበው ሲጋብዙ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት «በዚያ ምሽት የሚጠየቀው ሰው ማነው?» ብለው ስሙን ያስጽፉ። ስም ካልሰጡዎት ገንዘብዎን ኪስዎ መልሰው ሌላ ቤት ይጠይቁ።